ጭልፋ

በረዶው ኦታሩን እስከ ጣሪያው ውጦ፣
ዩዳይ ሳሎን ቆሟል፣ ጭልፋውን ጨብጦ፤
ኳስ የለ፣ መረብ የለ፣ ባዶውን ይመታል፣
ያልመጣ ተጋጣሚን አስራ አምስቴ ይረታል።

“ጭልፋዬ የት ገባ?” እናቱ ትላለች፣
(መልሱን ግን ታውቃለች፣ ድስቱን ትከድናለች።)

አስር ቀን ቀረው ጌሙ፤ መጽሔቱ እንዳለው፣
አዝራር ተረሳ፣ ክንድ ነው ምስሉ የሚከተለው።

ኬንኪቺ፣ አያቱ፣ ምድጃ ሥር ያሉ፣
አርባ ክረምት መረብ ሲጥሉ የዋሉ፣
ካምናው ሕመም ወዲህ ግራ እጃቸው ዝም ብሎ፣
ጭናቸው ላይ ያድራል እንደ ድመት ተጠቅልሎ።

“እስቲ ወዲህ በለው!” ጭልፋውን ወሰዱ፣
በቀኛቸው መረብ ባሕር ላይ ሰደዱ፤
ሳሎኑ ጨው ጨው ሸተተ።

ዩዳይ ቆየት ብሎ፦ “ይህንንስ ያውቃል?”
“ማን?”
“ጌሙ ነዋ።”
“እንጃ። ካላወቀ ይጠይቃል።”

ከዚያ ግራ እጃቸውን አዩና፣ ቀስ ብለው፦
“ይህንስ?”

ልጁ ትንፍሽ ሳይል ጭልፋውን አንስቶ፣
ከግራው መዳፍ አኖረ፣ ጣቶቹን ዘግቶ፤
በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ ወደ ላይ፣
አንዴ ወደ ታች።

ከወጥ ቤት፦ “ሾርባው ገነፈለ! ጭልፋ!”
ማንም አልመለሰ።