ሰባተኛው ቦታ

እዚህ ሰኔ በጋ ነው፤ ሌሊቱም አጭር፣
እንደ ሰነፍ ዘበኛ ባንድ ዓይን የሚያድር።
ከመንጋቱ በፊት ሄድሊ ከሃርክሎ ግድብ ጫፍ ቆሟል፤
መነጽሩን ካንገቱ፣ የሻይ ቴርሞሱን ከድንጋዩ አኑሯል።
ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፣ መስመር ዐርባ ሁለት፣
ከገበያው አደባባይ እስከ ሆስፒታሉ በር ሲመላለስበት፤
ዛሬም ሰዓት ይይዛል፦
«ጨረባዎች፣ ዐሥር ከሃያ። ዘግይተዋል» ብሎ ይጽፋል።

ከጎኑ ሺራዝ አለ፤ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ
ቤቱ ሳይገባ እዚህ የሚያርፍ፣ ጫማውን ቀይሮ።
ዊነፍሬድም አለች፣ አጉሊ መነጽሯን በሦስት እግሩ ያቆመች፣
«ዳክዬ ዐሥራ አንድ፣ ከነጫጩቶቿ» እያለች
ለራሷ የምትቆጥር፣
ስትሳሳት እንደገና ካንድ የምትጀምር።
ማንም አይናገርም። ጉሙ ውሃው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ረግቷል፤
ከማዶ ሽመላው ባንድ እግሩ ቆሞ
ዕዳ እንዳለበት ሰው አንገቱን ቀብሮ ያስባል።

ዘንድሮ ግን ወሬው ሌላ ነው።
ወሬው ያለው ከጀርባችን፣ የጀልባ ክበቡ መኪና ማቆሚያ ነው፤
በግንቦት፣ በሰባተኛው ቦታ፣ ከክሊፎርድ ስም በታች፣
ድንቢጥ የምታህል ወፍ ባሕር ተሻግራ መጥታ ዕንቁላል ጣለች።
አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ዓይኗ ዙሪያ የወርቅ ቀለበት።
ጎጆ አትበሉት፤ ሣር የለው፣ ላባ የለው፤
ጠጠሩን በደረቷ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ያ ነው ቤት።
አራት ዕንቁላል፣ አራቱም ጠጠር መሳይ፣
ዓይንህን ከነቀልክ ሁለተኛ የማይታይ።

ክሊፎርድ ተቆጣ።
ሃያ ዓመት መኪናውን ያቆመበት ቦታ ነው።
«ይህን የሚያህል ዳርቻ እያለ፣ እኔ ምን በደልኳት?» አለ።
የክበቡ ጸሐፊ ነውና ለውሃው ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ፤
መልሱ መጣ፦ ሕግ ነው፣ ወፏን መንካት ክልክል ነው፤
አብሮም አራት የፕላስቲክ ኮንና አንድ ጥቅል ገመድ።
ሺራዝ ሳቀ፦ «እሷ ትኖርበታለች፣ ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ!»
እሱ አልሳቀም። መኪናውን ከበሩ ውጭ፣ ከእሾህ ዛፉ ሥር አቁሞ
ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታችንን በአገጩ መለሰ።

እስከዚያ ማለዳ ድረስ።
ያየው ሄድሊ ነው፤ ከሁላችን የቀደመ ሰው፣
ካፖርቱን ፒጃማው ላይ ደርቦ፣
የጀልባ መቅዘፊያ እንደ ጦር ይዞ
ከገመዱ ዳር ሲመላለስ።
ቁራ። አጥሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ቁራ።
መቅዘፊያው ሲነሳ ይበራል፣ ሲወርድ ይመለሳል፤
ባለማተቧ ደግሞ እንደ ተሰበረ ክንፏን እየጎተተች
በሐሰት እያነከሰች ጠላቷን ወደ ውሃው ትጠራለች፤
ቁራውን ይሁን ክሊፎርድን፣ ማን ያውቃል?
እሱ ግን ጎንበስ ብሎ
«አይዞሽ፣ እኔ ነኝ» ሲላት ሰማነው፤
ሰማነውና፣ እንዳልሰማ ሆነን ፊታችንን ወደ ግድቡ አዞርን።

በዚያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ተፈለፈሉ።
ጥጥ እግር አውጥቶ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?
ሄድሊ «አራት» ብሎ ጻፈ፤ በማግስቱ ሰረዘና «ሦስት» አለ፤
ለምን እንደሆነ አላሰፈረም። ቁራው አጥሩ ላይ ነበረ።

ሳምንት ሳይሞላ እናታቸው ወደ ዳርቻው ይዛቸው ወረደች፤
ሰባተኛው ቦታ ባዶ ሆነ።
ኮኖቹ ግን አልተነሱም።
መኪናውም እዚያው፣ ከእሾህ ዛፉ ሥር፣
ጣራው ላይ ነጭ አበባ እንደረገፈበት።

ዛሬ ክሊፎርድ መጥቶ ከሄድሊ አጠገብ ቆመ፤
በቴርሞሱ ክዳን ሻይ ተቀበለ፣ ዝም አለ፤
ጉሙ ሲገፈፍ፣ ዊነፍሬድም እንደገና ካንድ ስትጀምር፣
«ከርሞ ይመለሳሉ?» አለ፣ ማንንም ሳያይ።
ሄድሊ ሰዓቱን አየ፤
የመስመር ዐርባ ሁለት ሰው ነውና ለመመለስ አልቸኮለም፦
«መምጣቱንስ ይመጣሉ፤
ሰዓቱን ነው ቃል የማልገባልህ።»