ፈ እና ፐ

ሼትላንድ ነው ቦታው፣ ሰሜን ባሕር መሃል፣
ከዛፍ ይልቅ ነፋስ፣ ከሰው በግ ይበዛል።
ሩና ኢዝቢስተር የሌሊቷ ተረኛ፣
ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ፣ እግሯ ሥር ውሻዋ የተኛ፣
ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ሹራቧን እየሠራች፣
የባሕሩን ወሬ ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ስምንት ሰዓት ከአርባ። ሬዲዮው ተንጫጫ፤
ውሃ የጠጣ ቃል፣ የማዕበል እርግጫ።
«ማም፣ ማም» ይላል ሰውየው፤ እሱስ ጥርት ብሏል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ግን፣ ፓየር ይሁን ፒየር፣ ማን ያውቃል?

«ፒየር?» አለች ሩና፣ ወደቡን መስሏት፣
ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨቱ መድረክ ትዝ ብሏት።
«ወደቡ ዝግ ነው፤ እስኪነጋ ጠብቁ።»
«ኖ ማም! ፓየር! ፓየር!» ቃላቱ ተናነቁ።

«ድገምልኝ» አለች፤ ደገመ።
«ድገምልኝ»፤ ደገመ።
በሦስተኛው ሳለ።

ስንደግመው ይጠራል ብለን እናስባለን፤
በጩኸት ላይ ጩኸት፣ በጭቃ ላይ ውሃ እናፈሳለን።

ስሙ ሮዴሊዮ ነው፣ ፊሊፒናዊ፤ ትውልዱ ኢሎኢሎ፣
ስድስት ዓመት መረብ የሳበ፣ ሞተር የጠገነ፣ በሰው ባሕር ውሎ።
እሱ አፍ በፈታበት፣ በአያቶቹ አፍ፣
ፈ የሚባል የለም፤ ፐ ነው የሚያልፍ።
በእኛ ፊደል ገበታ፣ ከታች ከመጨረሻው፣
ጎረቤት ናቸው ሁለቱ፤ አንዲት መስመር ነው የምትለያቸው።
አባቶቻችን ቦስታ ያሉ ለፖስታ፣
እኛ በሮዴሊዮ አንስቅም፤ ይልቅ እናድምጥ ላፍታ።

ሩና ሹራቡን ጣለች። መርከበኛ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አለ፤
ለእያንዳንዱ ፊደል ስም፣ ነፋስ እንዲበሳ ተብሎ የተሳለ።
«ፊደል በፊደል ንገረኝ፤ ቀስ በል፣ አትቸኩል።»
ዝምታ። የሆነ ነገር ፈነዳ። ከዚያ፣ «ፓክስትሮት» የሚል
ድምፅ።

ፓክስትሮት?

እንዲህ የሚባል ስም በዝርዝሩ የለም፤
ፐ ቢሆን «ፓፓ» ነው፤ ሌላ ስም አይሰጠውም።
ፎክስትሮት ነው! ፈ ነው! ከንፈሩ ካደው እንጂ ልቡስ አልካደም።
ኢንዲያ፣ ሮሜዮ፣ ኤኮ ተከታትለው ወጡ፤
ጠረጴዛዋ ላይ አራቱም እንደ ፍም ተቀመጡ።
ፓየር፣ ፋየር።
እሳት። ሞተር ክፍል። አምስት ሰው።
ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ የጣሪያውን ቆርቆሮ አተራመሰው።

ሲነጋ በመዝገቡ «ቃሉ ግልጽ አልነበረም» ብላ ጻፈች፤
ብዕሯን ነክሳ ትንሽ ቆየች፤
ሰረዘችው። «ቃሉ ደርሶ ነበር፤ ሰሚዋ ዘገየች።»

አምስቱም ዳኑ። ሮዴሊዮ፣ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣
ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ።
ሩና ጎንበስ አለችና በደሴቷ እንግሊዝኛ፣
(ለንደን ላይ ብትናገረው ያስፈልጋት ነበር አስተርጓሚ ጓደኛ)
«ፒሪ ሻይ» ላምጣልህ አለችው። ፒሪ፣
በሷ አገር፣ ትንሽ ማለት ነው።
ከሁሉ እሱን የደረሰችው አንዷ ቃል ናት፤ ፒሪ።

ሮዴሊዮ አሰበ። የገዛ ጥፋቱን ያውቃል፤
እሱ ፐ በሚልበት ቦታ ሌላው ሰው ፈ ይላል።
ስለዚህ አረመላት፤ ፐዋን ወስዶ ፈ አደረገ፤
ፒሪ «ፌሪ» ሆነች፤ መሻገሪያ መርከብ! ፊቱ ጠወለገ።
«ኖ ማም» አለ በትሕትና፣ ጥላሸት የለበሰ እጁን አንስቶ፣
«መርከብስ ለዛሬ ይቅርብኝ።»
                         ሻዩ ግን መጣ፤
ፒሪም አልነበረ፣ እስከ አፉ ሞልቶ።