የተወረሱ ዕቃዎች

ትኬቱ ሃያ ብር፤ ጫማ አያስወልቁም፤
ፎቶ ግን ክልክል ነው፤ ለምን እንደሁ አላውቅም።
ከከዚራ ጥላ ወጥቼ፣ በማለዳ፣
ጣቢያው ሙዚየም ሆኗል ቢሉኝ፣ ገባሁ እንደ እንግዳ፤
እኔ! የዚሁ ሰፈር ልጅ፣
ሃዲዱ ላይ ምስማር አስተኝቼ፣ ባቡሩ ሲድጠው
ካራ አድርጌ የያዝኩ በእጅ።

አስጎብኚው ቶፊቅ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
«ድሬ ወደብ ነበረች፣ ፋዘር» አለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና።
«ባሕር ብቻ ነው የጎደላት፤ ሌላው ሁሉ ነበር፤
መጋዘኑ፣ ወዛደሩ፣ ጉምሩኩ፣ የዋጋ ክርክር፤
ማታ ከጅቡቲ የተጫነ ዓሣ፣ ጠዋት ከዚህ በር
ዓይኑ ሳይደርቅ ይቸበቸብ ነበር።»

ይኸው ፋኖሱ። ይኸው ቀይ ባንዲራ።
የጣቢያ ሹሙ ኮፍያ፣ ከነላቡ፣ ከነአቧራ።
ቡና በጆንያ ሲመዝን የኖረ ሚዛን ጥግ ይዞ ቆሟል፤
ወጣሁበት። መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ዝጓል።
«አይወጣበትም!» አለኝ። ወረድኩ።
በስልሳ ዓመቴ እንደ ልጅ አፈርኩ።

ከዚያ መስታወቱ። ከሥሩ አንድ ሰፊ መዝገብ፣
ምስጥ ጠርዙን እንደ ቂጣ ገምጦ፣ ገምጦ፣ ሳይጠግብ።
«የተወረሱ ዕቃዎች»፣ በጥንቃቄ፣ በቁም ጽሕፈት፤
ስድስት ሽርጥ። አራት ፔርሙዝ።
ጥንድ የልጅ ጫማ፣ ቀይ፣ ቁጥር ሃያ ስምንት።
ባለ ዕቃ፦ ከድራ ሮብሌ። ፊርማ፦ አውራ ጣት።
ከአሻራው መኻል ነጭ መስመር፤ ሽንኩርት ስትልጥ ቢላ የቆረጣት።
እናቴ ናት።

ያን ለት ባዶ እጇን ገባች። ሻሿ ተፈቷል፤ ላብ ላብ ትላለች።
እግሬን ታጥቤ፣ ደፉ ላይ ተቀምጬ፣ «ጫማዬስ?» ብላት
«ባሕር ወሰደው» አለች።
ደግማ አልተናገረች።

እኔ የማውቀው ውሃ ደቻቱን ብቻ ነው፤
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው፣
አንድ ሌሊት ተነስቶ ፍየል፣ አልጋ፣ ሰው ጠርጎ የሚሄደው።
ባሕርን በሱ ልክ ሰፋሁት፤ ቂምም ያዝኩበት፤
አርባ ሲሞላኝ ጅቡቲ ወርጄ፣ ዳርቻው ላይ ቆሜ፣
ሰው እያየኝ ሰደብኩት።

ለካ ንጹሕ ነው።
ለካ ጫማዬ ያደረው ከቤታችን አሥር ደቂቃ፣
ከዚህ ግድግዳ ማዶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ እንደ ማንም ዕቃ።
የዚህን ጽሕፈት ባለቤትም አውቀዋለሁ፤ ጋሽ ጥላዬ፤
በኢድ ሳምቡሳችንን የሚበላ፣ «ደህና ነህ ልጅዬ?»
እያለ ራሴን የሚዳብስ።
ስንት ዓመት ከመቀመጫዬ እየተነሳሁ ሰላም አልኩ፤
ሲሞትም ሬሳውን ተሸከምኩ።

«ገጹን ግለጥልኝ።»
«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፤ እሱ ስብሰባ ነው።»
አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ፣ ከሷ ጣት ትይዩ አሳረፍኩ፤
ቀዝቃዛ ነው።
ቶፊቅ ሊወለውል ጨርቅ አወጣ፤ እጄን አየ፤
መልሶ ከተተው።
«ቀጣዩ ክፍል፣ ፋዘር፣ የቴሌግራፍ ነው።»