የመጋቢት ቆዳ

መሐል ሜዳ፣ የገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣
ነፋሱ ከስልቻ አፍ የበግ ጠጉር እየነጠቀ ሲበትን፣
እኔ፣ የወረዳው ባለሙያ፣
በአንድ እጄ የድምፅ ማጉያ፣ በሌላው ወረቀት።
አምና ብቻዬን ነበር የተናገርኩት፤
ቆማ የሰማችኝ አንዲት አህያ ናት፣ እሷም ታስራ።

ዘንድሮ አዝማሪ ቀጠርን። በጀት ወጣለት።
አሰግድ ይባላል፣ ባናውን ከትከሻው የማያወርድ።
ግጥሙን ግን ቢሮው ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠው፦

«የአየር ንብረት ለውጥ አሳሳቢ ሆኗል፣
በጋራ በመሥራት መቅረፍ ይቻላል»

አለና ቆመ። ጭራው ራሱ አንቀላፋ።
አንዱ በግ ጀርባ ይዳብሳል፣ አንዷ ሽንኩርት ትቆጥራለች፣
«ተቀበል» የሚል ጠፋ፤
ምን ይበሉት፣ ሁሉንም ቢሮው ብሎ ጨርሶት።

አሰግድ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።
የማሲንቆውን ሆድ በጣቱ ኳ ኳ አደረገና፦
«ይሄ ቆዳ» አለ፣ «በልግ ሲገባ ይረግብብኝ ነበር፤
ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ሲታፈን
እሳት ዳር አሙቄው ነበር እዚህ የምደርሰው።
አሁን ሦስት መጋቢት አለፈ እሳት ካየ።
ስሙት እስቲ፣ እንደ ጥር ይጮሃል።
እኔ የማውቀው ይቺን ነው። እናንተስ?»

ዝም።
ዝምታው ግን የቅድሙ አልነበረም፤ ጆሮ ነበረው።
ጠጉር ሻጯ ጌጤነሽ፣ እንዝርቷን ሳታቆም፣
«ተቀበል!» አለችው፦

«በልግ የሚሉት ሰው አማቼ ነበረ፣
ደጄን አንኳኳና ሳይገባ በረረ።»

ማሲንቆው ተቀበላት፣ እየጎተተ፣ እያስለቀሰ።
በግ የሚዳብሰው እጁን አነሳ።
ከወደ ኋላ ደግሞ ፊቱን ያላየሁት፦

«ምንጬን ማን ጠጣብኝ ብዬ ብጠይቀው፣
ባለ ባህር ዛፉን ትንታ ነው ያነቀው።»

ሳቁ አቧራ አስነሳ። ዓይኑ ሁሉ ሸዋንግዛው ላይ፣
አጣናውን ደርድሮ የቆመው ሸዋንግዛው ላይ።
ይሄዳል ብዬ ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ፦

«ገብሴን ውርጭ ሲበላው ምን ልሽጥ ነው እኔ፣
ከዛፉ በስተቀር ማን ቆመ ከጎኔ?»

አሁን ማንም አልሳቀም።
አንዱ «እውነቱን ነው» አለ፣ አንዷ «ምንጩስ?» አለች፣
ከቆላ የመጣው ጨው ነጋዴ
ወባ ዳገቱን እየወጣች መሆኗን ነገራቸው፤
አንድ ሽማግሌ፣ ጓሳው ተከልሎ ዓመታት ሳይታጨድ
እንዴት ይከርም እንደነበር በዱላው መሬት ላይ ሣለ።
ማጉያውን መሬት አስቀመጥኩት። ማን ፈልጎት።

ያኔ ነው ባለ ጋሪው ልጅ፣ ሰይፈ፣ ወደ እኔ የዞረው።
ለአሰግድ ነበር የሰጠው፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ፦

«ፎቶ የተነሳው ችግኝህ ደረቀ፣
ፎቶው ግን ቢሮህ ላይ ለምልሞ ጸደቀ።»

ጸደቀ። ሰሙን ሰምተው ሳቁ፣
ወርቁን እኔና ሰይፈ ብቻ ያየነው መስሎኝ ነበር፤
ጌጤነሽ እንዝርቷን አቆመች።

ገበያው ተፈታ። ጌጤነሽና ሸዋንግዛው
በሞላሌ መንገድ ሲሄዱ ክርክራቸው ይሰማል፦
ከምንጩ ስንት ክንድ ይራቅ፣ ስንቱ ዛፍ ይቆረጥ፣ በማን ኪሳራ።
አልተስማሙም። ከመንገዱ መታጠፊያ ቆመው
በእርምጃ ሲለኩ ነበር፣ እሷ እየረዘመባት፣ እሱ እያጠረበት።

ማታ ቅጹን ዘረጋሁ፦
ተሳታፊ፣ ወንድ፣ ሴት፣ የተላለፈ መልእክት።
መልእክቱ የተላለፈው ወደ እኔ ነበር፤
ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም።

በነጋታው ኮረብታው ላይ ወጣሁ፣ ያለ ካሜራ።
ከአራት መቶው ችግኝ አሥራ ዘጠኙ ቆመዋል፣
ኮሶ፣ ጽድ፤ አንዱን በግ ረግጦት ተንጋዷል።
አለቃዬ ሆይ፣ ቁጥሩ ይኸው፤
ተቀበል።