ያልታወቀ መሣሪያ

በዉች፣ በፖላንድ፣ ከተዘጋው ፋብሪካ ጀርባ፣
ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ ሲገባ፣
ቦጉሚላ በሬን አንኳኳች፣ ሹራብ በሹራብ ደርባ።
«ና እስቲ፣ ኦልጊርድ» አለች፤ «ኮምፒውተሩን እየው፤
ሹራብ መሥሪያዬን ዛሬ ‹አላውቅህም› አለው።»

ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ባለ ሁለት መቶ መርፌ፤
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ካፖርቴን ገፍፌ።

ባለፈው ሳምንት ነው፣ ዲስኩን ለሁለት የከፈልኩት፤
አሮጌውን ሲስተም በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ያኖርኩት፤
እንደ ሁለት ደባሎች፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኪራይ፣
አንዱ ሲነቃ ሌላው የሚተኛ፣ ዓይን ለዓይን የማይተያይ።
አሮጌው ማሽኑን ያውቃል፤ ግን እስኪነሳ ይመሻል፤
አዲሱ ፈጣን ነው፤ ካልለመደው ነገር ግን ይሸሻል።

ኬብሉን ሰካሁ። ጠበቅን። ጥቂት አንቀላፍቶ ኋላ፣
ቢጫ ሦስት ማዕዘን ብቅ አለች፣ ቃለ አጋኖ አዝላ፦
«ያልታወቀ መሣሪያ።»

«አርባ ዓመት አውቀዋለሁ! ሦስት ልጅ በሱ አልብሻለሁ፤
የትኛው መርፌ እንደሚነክስ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ።
የማታውቀው አንተ ነህ!» አለችው፣ ስክሪኑን በጣቷ መትታ፤
እሱ እንደ አዲስ ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀ፣ በዝምታ።

የጠፋው ድራይቨሩ ነው፤ ስሙ ነጂ፣ ሥራው አስተርጓሚ፤
በመርፌና በቁጥር መካከል የሚቆም፣ ለሁለቱም ሰሚ።
ኢንተርኔት ልከፍት ስል፣ ዋይፋዩም ድራይቨር አጥቷል፤
ድራይቨሩን ላምጣ ስል ደግሞ «መጀመሪያ ዋይፋይ» ይላል፤
ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ ሣጥኑ ተቆልፏል።

ወደ አሮጌው ዞርን። ደባሉ እያዛጋ ነቃ፤
ለተተኪው ስንቅ ቋጠረ፣
ፍላሽ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እስኪበቃ።

አንዱ ድራይቨር እምቢ አለ፤ ስክሪኑን አጨለመ ሌላ፤
የቀይ ሥር ሾርባችን ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ደግሞ ፈላ።
ሦስተኛውን የጻፈ ሰው ስም የለው፣ አድራሻ፤
አንዲት መስመር ብቻ ትቷል፣ ከፋይሉ አናት ማስታወሻ፦
«በእናቴ ማሽን ሠርቷል። ሌላ ላይ አልሞከርኩም። ይቅርታ።»
አነበብኩላት። እጇን ማሽኑ ላይ አኑራ ቆየች፣ ለአፍታ።
«አስገባው» አለች።

አስገባሁት። አጥፍቼ አበራሁ። ቢጫዋ ምልክት የለችም።
ጋሪው ሸርተት አለ፣ ቀጭ፤ ቦጉሚላ አልተነፈሰችም።
መርፌዎቹ ብድግ ብድግ፤ ሰማያዊው ክር ተሳበ፤
አንድ ረድፍ። ሁለት። ዐሥር። የአጋዘን ቀንድ ተነበበ።

አጋዘኑ ወደ ቀኝ መሄድ ነበረበት፤ ወደ ግራ ዞሮ ወጣ፤
ላስተካክለው ስል እጄን ያዘች፦ «ተወው፣ እንኳንም መጣ።»

ሹራቡን አሁን እኔ ለብሼዋለሁ። ዋይፋዩ ዛሬም እምቢ ብሏል።
ኮምፒውተሯ ሲበራ፣ ዐሥር ሰከንድ «የትኛው?» ብሎ ይጠብቃል፤
አንዳንድ ቀን ምንም ሳትነካ ቁጥሩ ሲወርድ ታያለች፤
ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አትቸኩሉ» ትላለች፤
በዚያች ዐሥር ሰከንድ ውስጥ፣
ሁለቱም ደባሎች ተኝተዋል።