የዛፍ ወተት

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
ከጎሚስታው አጠገብ፣ በቆርቆሮ ተጋርዶ፣
የታይላንድ ምግብ፣ አሥራ ሁለት መቀመጫ፤
የቀረነው ቆመናል እስከ ታክሲው መውጫ።

ረቡዕ ሰው ይበዛል።
የቤቱ ባለቤት አስካለ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ
ዱባይ ዕቃ ስታጥብ፣ ኖይ አስተማረቻት አሉ፤
ኮኮናት ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ሲነጣ
«ይሄማ የጾም ነው!» ብላ ጮኸች፤ መጣ
የሥራው ሐሳብ።
የዓሣውን መረቅ ለረቡዕ፣ ለዓርብ
ከላይ ትሰቅለዋለች፣ እጇ እንዳይቀርብ።

ዛሬ ቦታ ጠቦ ከማላውቃቸው ሰው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤
አስተናጋጇ «ኦቦ ገመዳ» ስትል ስማቸውን ሰረቅኩ።
«ወተት በረቡዕ?» አሉ፣ ሳህኑን ገፋ አድርገው።
«የዛፍ ነው፣ አባባ።»
«ዛፉንስ ማን አለበው?»

ሳቅን። አማተቡ። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት።
ከመረቁ መሀል አንዲት አገዳ ለቀሙ፣
አሸተቱ፤ ማላመጥ አቆሙ።
«ጠጅ ሣር!
እዚህ እግርህ ሥር፣ ሴራሚኩ ያለበት ላይ
አውድማዬ ነበር፤ ከዚያ ከጋራዡ በላይ
የሟች ባለቤቴ ጠጅ ሣር።»

ዝም አልኩ።
አራተኛ ፎቅ ነው ቤቴ፤ ዕጣ ወጥቶልኝ፣
በግ አርጄ ነበር፣ ደስታ አላስችል ብሎኝ።

ዓይናቸው ሞላ።
«ቃሪያው ነው» አሉኝ።
«ቃሪያው ነው» አልኩ፤ ውሃ ቀዳሁላቸው።

ከደጅ ተራ የያዙት «ጨርሱልን እንጂ!» ይላሉ፤
እሳቸው አገዳዋን በሶፍት ይጠቀልላሉ፣
ኪሳቸው ይከታሉ።
የተቀቀለ ሣር ሥር እንደማይሰድ
ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።