ቁጥር በቆርኪ

ብቸና ላይ አዳራሽ ተመረቀ በሐምሌ፤
ወለሉ ሴራሚክ፣ አንሸራታች ለሽማግሌ።
ሊቀ መንበሩ ጠራኝ፦ «ደብሬ፣ ስሚኝማ፤
ገሳና ጋቢ፣ ጥላ፣ የጭቃ ጫማ፥
ዱላም ቢሆን ዱላ፣ ወደ ውስጥ አይዝለቅ፤
አንቺ ተቀበዪ። አንዲት ክር እንዳትወልቅ።»

ክፍሉ እስከ ትናንት የሲሚንቶ ቤት ነው፤
ጠርጌው ስወጣ ሸብቻለሁ፤ ያየኝ ሁሉ፦ «ምነው?»
አናጢው እንየው ጣውላ አጋደመልኝ፥
ስልሳ ሚስማር ቆጥሮ በስንዝር ተከለልኝ።
«በስንዝር አይሆንም፤ ይህ ደጋ ነው፣ ወንድሜ፤
የራሰ ጋቢ በግ ነው፤ አይቻለሁ ተሸክሜ።»
ሳቀና ነቀለው፤ በክንድ መታው ዳግም፤
ሠላሳ ብቻ ሆነ። ይሁና፣ ግድ የለም።

ቁጥሩንስ ከምን ልሥራ? ካርቶን ዝናብ ይበላዋል፤
ከግሮሰሪው ደጅ ግን ቆርኪ እንደ ጠጠር ሞልቷል።
በድንጋይ ጠፍጥፌ፣ በሚስማር ነቅሼ፥
ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ በቀሚሴ አብሼ፥
አንዱ ለባለቤቱ፥
አንዱ በክር ከሚስማሩ አንገት።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰው መጣ እንደ ጎርፍ፤
ገሳው ያንጠባጥባል፣ ጥላው ይላል ርግፍ።
ሽማግሌ ሁሉ ዱላውን ሲሰጠኝ
ልጁን እንደሚድር ሰው ቆሞ አስተዋለኝ፦
የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ ከወዴት እንደመጣሁ።
«ቢራው ሳይመጣልኝ ቆርኪውን ሰጠሽኝ!»
አለ አንድ ጎልማሳ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ።

ሚስማሩ ሞላ፤ ሰዉ ግን አላለቀም፤
ባንድ ሚስማር ሁለት አልሁ፣ ሌላ መላ የለም።
በቆርኪው ጀርባ ላይ ሀ እና ለ ጫርሁ፤
ዐሥራ አራት ሀን ለአንማው፣ ለን ለልየው ሰጠሁ።
ችኮላ ነው እንጂ፣ ማን ያንን አጥቶት፦
ስምንት ዓመት ሙሉ ችሎት ለችሎት
ባንድ ክንድ ወሰን፣ ባንዲት የማሳ ጠርዝ
የሚካሰሱ ናቸው።
ጋቢያቸው ግን ተደርቦ፣ ትከሻ ለትከሻ፥
ያንዱ ውሃ ባንዱ ላይ ሲወርድ እስከ ማምሻ፥
ከሥር አንድ ኩሬ ሠራ፤
በጨርቅ ወለወልሁት፣ ደግሞ ሠራ።

ንግግሩ አለቀ። ጭብጨባ። መብራት ጠፋ።
ሰዉ ሁሉ ወደ መስኮቴ ባንድ ጊዜ ተገፋ።
ቆርኪውን በጣቴ እንደ ዐይነ ስውር አነበብሁ፤
ቁጥሩስ ይነበባል፣ ፊደሉ ላይ ሳትሁ፦
ክብ ነገር ራስ የለው፣ እግርም የለው፤
ሀ ሲገለበጥ፣ ለካ፣ ለ ነው።

በነጋታው ማለዳ ሁለቱም መጡ፥
አንዱ በላይ በር፣ አንዱ በታች፥
ጋቢ በጉያቸው።
«ይህ የኔ አይደለም፤ ሱረት ሱረት ይላል።»
«የኔስ መች ሆነና፤ የሰው ቤት ይሸታል።»
በእጄ ተቀያየሩ፤ ጣት ለጣት አልተነካኩም፤
«እንደምን አደርህ» የለ፣ «እግዜር ይመስገን»ም።

ልየው ሊከናነብ ጋቢውን ሲዘረጋ
እጁ ቆመ ጥለቱ ጋ።
አምና አጋም የቀደደው፣ ስንዝር የሚያህል አፍ፥
ተጠቅሞ አደረ፣ በቀጭን ክር፣ በስስ መርፌ ጫፍ።
አንማው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግድግዳ ግድግዳ እያየ፦
«ጥሩወርቅ ናት፣ ሌሊት በኩራዝ... የኔ መስሏት» አለ።
ልየው ስፌቱን ዳበሰ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፤
ከዚያ ለበሰው።
«ጠቀመችኝ» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ፤
ቆርኪውን ከመስኮቴ አኖረና ሄደ።

ክሱ ለጥቅምት ተቀጥሯል ሲሉ ሰማሁ።
እኔ መዝገቤን ከፍቼ «ተመልሷል» ብዬ ጻፍሁ፤
«ጉድለት» የሚል ዐምድ አለ፤
«ትርፍ» የሚል የለም።
አንድ ዱላም ቀርቷል፣ ቁጥር የሌለው፤
ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ ባለቤቱ ይምጣና ይውሰደው።

ለመስከረም ስብሰባ ሌላ ቆርኪ ጠፍጥፌ፥
እንዳይምታታ ብዬ፣ ዳግም ፊደሉን ጽፌ፥
ከሀ ሥር አንድ መስመር ላሰምር ሚስማር አነሣሁ፤
ትንሽ ያዝሁት።
መልሼ አስቀመጥሁት።